ከዳር የቆሙት እንዳይቀሩ

ሰኔ ተገባዶ ሐምሌ ሲተካ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች አንድ ዓይነት ትዕይንት ይደጋገማል። ተመራቂዋ ጋዋኗን በክንዷ አንጠልጥላ ትገባለች፤ እናቷ ይከተሏታል። በፍላሽ ይዛ የመጣችው ፎቶ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የተነሣ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ቆሟል፤ መሀል ላይ ራሷ፣ ግራና ቀኟ እናትና አባት፣ ቀጥሎ እህት ወንድሞች፣ አክስቶች፣ የሰፈር ጓደኞች። በግራ ጫፍ ነጠላቸውን ያጣፉ አያት አሉ፤ በቀኝ ጫፍ ለዚች ቀን ሲሉ ከጎንደር የመጡ አጎት። ልጅቷ ፎቶውን ኢንስታግራም ላይ በካሬ ልትለጥፈው ብትሞክር አያትም አጎትም ውጭ ሆኑባት። እናትየው ደግሞ ለአልበም እንዲታተምላቸው ይፈልጋሉ፤ ሰው ሳይጎድል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የብዙ ካሜራዎች ፎቶ ወርዱ የቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ይህም ከ24 በ36 ሚሊ ሜትሩ ፊልም የተወረሰ ልክ ነው። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በካሬ ሲቆረጥ የሚተርፈው 4000 በ4000 ብቻ ነው። ከወርዱ ሲሶው ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሰው እኩል ተራርቆ ከቆመ ደግሞ ሲሶው አራት ሰው ነው፤ ከየጫፉ ሁለት ሁለት።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ምንም አይቆርጥም። ፎቶሾፕን ከፍቶ ፎቶው ያረፈበትን ሸራ 6000 በ6000 ያደርገዋል። ከላይ 1000፣ ከታች 1000 ፒክስል ነጭ ይጨመራል፤ ፎቶው ራሱ አንዲት ነጥብ አልተነካችም። “ይኸው እናቴ፣ ሁሉም ገብተዋል” ብሎ ስክሪኑን ወደ እሳቸው ያዞራል።

ይህ ነጭ ጠርዝ ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይቆጠራል። አበባ የተጠላለፈበት፣ ወርቃማ ቀለም የፈሰሰበት፣ በልብ ቅርጽ የተቆረጠ ፍሬም ለሠርግና ለልደት ፎቶ ሲታዘዝ የኖረው በዚሁ ግምት ነው። የቀላሉ ጠርዝ ሥራ ግን ሌላ ነው። ፎቶውን ሳይነካ ከሚቀመጥበት ቦታ ልክ ጋር ያስማማዋል፤ ከጀርባው ካለው ገጽ ይለየዋል። ከዚህ አልፎ ራሱ መታየት ሲፈልግ ግን ፎቶውን መሻማት ይጀምራል።

ጠርዝን የፈጠረው ኮምፒውተር አይደለም። በጨለማ ክፍል ፎቶ ሲታተም ወረቀቱ በማጉያው ሥር ተዘርግቶ እንዲቆይ በቀጫጭን የብረት ክንፎች ይያዝ ነበር። ክንፎቹ የሸፈኑት ዳር ብርሃን ስለማያገኘው ወረቀቱ ኬሚካሉ ውስጥ ሲገባ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጥቅሙም በዚያው ታወቀ፦ ፎቶውን የሚይዝ ሰው ጣቱ የሚያርፈው በነጩ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲያረጅም ቀድሞ የሚጎዳው ጠርዙ ነው እንጂ የሰው ፊት አይደለም። በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉ የጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ብዙዎቹ ይህን ጠርዝ ይዘዋል፤ የአንዳንዶቹ ዳር ደግሞ ሆን ተብሎ ወጣ ገባ ተደርጎ የተከረከመ ነው።

ፖላሮይድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤስኤክስ-70 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ጠርዙ ይበልጥ ትልቅ ሥራ ተሰጠው። ሥዕሉ በየጎኑ 7.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካሬ ነበር፤ ያረፈበት ነጭ ክፈፍ ግን 8.8 በ10.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከታች በኩል የሰፋው ነጭ ለውበት ተብሎ የተተወ አልነበረም። በውስጡ ኬሚካል የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፤ ፎቶው ከካሜራው ሲወጣ ሁለት ሮለሮች ከረጢቷን ጨፍልቀው ኬሚካሉን በሥዕሉ ላይ ያሰራጩታል። ሰዎች በኋላ ስምና ቀን የጻፉበት ባዶ ቦታ ሥራውን የጨረሰ ማጠቢያ ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በየስልኩ አፕሊኬሽን ውስጥ የሚገኘው “ፖላሮይድ ፍሬም” ከዚያች ከረጢት የወረሰው ቅርጹን ብቻ ነው።

ከታች ሰፋ ማለቱ ግን ከፖላሮይድ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የአገራችን ጸሐፍት ብራናውን ከመጻፋቸው በፊት በወስፌ ወግተው መስመር ሲያወጡ ለኅዳጉ ቦታ ይተዋሉ፤ በብዙ ብራናዎች ላይም የታችኛው ኅዳግ ከላይኛው ይሰፋል። መጽሐፉ የሚያዘውም የሚገለጠውም በዚያ በኩል ስለሆነ ጣት ቀለም አይነካም። በምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በቀለም የተጠላለፈ ሐረግ ቢሳልም ኅዳጉ በአብዛኛው ባዶ ነው። ሥዕል በካርቶን ክፈፍ የሚያስገቡ ባለሙያዎችም የታችኛውን ጎን ጥቂት ያሰፉታል፤ አራቱም ጎን እኩል ሲሆን ሥዕሉ ወደ ታች የወረደ ስለሚመስል ነው። በኮምፒውተር ጠርዝ የሚሠራ ሰው ይህን ቢሞክረው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል፦ ለሦስቱ ጎን 200 ፒክስል፣ ለታችኛው 260።

ጥቁሩ ጠርዝ የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶው በኋላ እንዲቆረጥ አይወድም ነበር፤ ሥዕሉ በካሜራው መስኮት ውስጥ ተሟልቶ መወለድ አለበት ባይ ነው። ፎቶዎቹ ከነሙሉ ዳራቸው ሲታተሙ ብርሃን ያልነካው የፊልሙ ጠርዝ በወረቀቱ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ አታሚዎች ይህ መስመር እንዲታይ ሲሉ የነጌቲቩን መያዣ በሞረድ ያሰፉት ነበር። አሜሪካዊው ሪቻርድ አቬደንም እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ ሠራተኞችንና ተራ ሰዎችን በነጭ ወረቀት ፊት እያቆመ በትልቅ ፊልም ሲያነሣ የፊልሙን ጥቁር ዳር በሥዕሎቹ ዙሪያ አስቀርቶታል። ጥቁሩ መስመር ምስክር ነበር፤ ከዚህ ፎቶ ምንም አልተቀነሰም ይላል። የሚያስደንቀው ግን የካርቲዬ ብሬሶን እጅግ የታወቀው ፎቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ከፓሪሱ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ በውኃ ላይ ሲዘል የተቀረጸው ሰው፣ የተቆረጠ መሆኑ ነው። በአጥር ሳንቃ ክፍተት ስላነሣው ከሥዕሉ ከፊሉን ሳንቃው ሸፍኖት ነበር።

ዲጂታል ፎቶ ላይ ይህ ምስክርነት የለም። ጥቁር መስመር በሁለት ክሊክ ይጨመራል፤ ግማሹ የተቆረጠ ፎቶም ላይ እኩል ያምራል። ስለዚህ የፊልም ቀዳዳና የፊልም ቁጥር ያለበትን ሐሰተኛ ጠርዝ በስልክ ፎቶ ላይ ማድረግ ያልሆነውን ነኝ ማሰኘት ነው፤ ባይደረግ ይሻላል። ንጹሕ ጥቁር መስመር ግን ያለ ምንም የይገባኛል ጥያቄ ፎቶን ከነጭ ገጽ ለመለየት ይጠቅማል።

በእኛ አገር ግን ጥቁር ሌላም ነገር ይናገራል። በወፍራም ጥቁር የተከበበ ጉርድ ፎቶ ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሐዘን ነው፤ በለቅሶ ቤት፣ በጋዜጣ የሐዘን መግለጫ ላይ፣ በሙት ዓመት ጥሪ ላይ የለመደው ስለሆነ። የልደት ወይም የምረቃ ፎቶ ለዘመድ የሚልክ ሰው ጥቁር ጠርዝ ከወደደ መስመሩን ቢያቀጥነው፣ አለዚያም ጥቁር ግራጫ ቢያደርገው ይመከራል። ውጭ አገር ላለ ልጅ ድንገት የደረሰች ባለ ጥቁር ጠርዝ የእናት ፎቶ ምን ያህል እንደምታስደነግጥ መገመት አያቅትም።

ነጭም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የፎቶውን መልክ ይለውጣል። ይህን ነገር በጥልቀት ያጠናው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ነው። በፓሪስ የጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ አንዳንድ ቀለሞች ደከሙ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሲመረምረው የማቅለሚያው ጥራት ጉድለት አልነበረበትም፤ ቀለሙን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። አንድ ቀለም ከጎኑ በተቀመጠው ቀለም ምክንያት ለዓይን ይለወጣል፤ ነጭ አጠገቡ ያለውን ያጠቁረዋል፣ ጥቁር ደግሞ ያበራዋል።

ለአበሻ ፎቶ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በበዓል ቀን በነጭ ልብስ የተነሡ ሰዎችን ፎቶ በጥርት ባለ ነጭ ክበቡት፤ ቀሚሱና ነጠላው ድንገት ግራጫ ወይም ቢጫ ይሆናሉ። ልብሱ ከመጀመሪያውም በጥላ ወይም በአምፖል ብርሃን ቀለም ተነክቶ ነበር፤ ዓይን ግን ነጭ አድርጎ ይቀበለው ነበር። እውነተኛው ነጭ ከጎኑ ሲቆም ልዩነቱ ይጋለጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ጠርዙ ከመጨመሩ በፊት የፎቶውን የቀለም ሚዛን ማስተካከል፣ ወይም ከፍጹሙ ነጭ (255፣ 255፣ 255) ይልቅ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነጭ መምረጥ። በጥምቀት ዋዜማ በጧፍ ብርሃን ለተነሣ ፎቶ ደግሞ ሰፊ ነጭ ጠርዝ ጠላት ነው። በጨለማው ውስጥ የነበሩት ፊቶች ይዋጣሉ፤ በጥቁር ግራጫ ሲከበቡ ግን ዓይን ጨለማውን ለምዶ ፊቶቹን ያገኛቸዋል።

ቀለም ያለው ጠርዝ የሚፈልግ ሰው ቀለሙን ከፎቶው ውስጥ ቢወስድ ይሻለዋል። የነጠላ ጥለት ከቀሚሱ ጥለት ጋር እንዲስማማ እንደሚመረጠው ሁሉ፣ በቀለም መቅጃው መሣሪያ ከፎቶው አንድ ደብዛዛ ቦታ ነክቶ ያንኑ ለጠርዙ መስጠት ነው። ግድግዳው፣ አፈሩ፣ የጋቢው ጥላ ጥሩ ምንጭ ናቸው። ደማቁን ቀለም፣ ለምሳሌ የከንፈርን ቀይ፣ የሰጡት እንደሆነ ግን ዓይን ከፊት ይልቅ ወደ ጠርዙ ይሮጣል።

ወደ ሥራው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው፣ ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የጀመሩት ፎቶሾፕ በኢሜጅ ሜኑ ሥር “ካንቫስ ሳይዝ” የሚል ትእዛዝ አለው። መስኮቱ ሲከፈት “ሪሌቲቭ” የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ የሚጻፈው ቁጥር ጠቅላላው ልክ መሆኑ ቀርቶ የሚጨመረው ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የተጻፈው ቁጥር ለሁለቱ ጎኖች ይከፈላል፤ 200 የጻፈ ሰው በየጎኑ የሚያገኘው 100 ነው። ሁለተኛው ደግሞ መለኪያው ፐርሰንት ሲሆን ይመጣል። የ6000 አሥር በመቶ 600፣ የ4000 አሥር በመቶ 400 ነው፤ ስለዚህ ግራና ቀኙ ሰፊ፣ ላይና ታቹ ጠባብ ይሆናል። ሠሪው ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ፎቶው ተንጋዶ ይታየዋል። መለኪያውን ወደ ፒክስል ወይም ወደ ሚሊ ሜትር መመለስ ብቻ ይበቃል።

ሌላው መንገድ “ስትሮክ” ይባላል፤ በፎቶው ዙሪያ መስመር ያሰምራል። ፈጣን ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ኢንሳይድ” ከተባለ መስመሩ የሚያርፈው በፎቶው ላይ ነው፤ ከዳር የቆመን ሰው ትከሻ ይበላል። “አውትሳይድ” ከተባለ ደግሞ ሸራው ቀድሞ ካልሰፋ ምንም አይታይም፤ ሲሰፋም መስመሩ ሲወፍር ማዕዘኖቹ ክብ ይሆናሉ። እንደ ምረቃው ፎቶ ዳር ድረስ ሰው ለሞላበት ሥዕል ሸራ ማስፋቱ ይመረጣል፤ ስትሮክን ለቀጫጭን መስመር ማስቀረት ነው።

ፎቶሾፕ የማይገዛ ሰው ጂምፕ አለው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ነጻ ፕሮግራም ነው። በፊልተርስ፣ ዲኮር ሥር “አድ ቦርደር” የሚለውን ሲጫኑ የመጀመሪያው ውጤት ብዙዎችን ግራ ያጋባል፦ ሰማያዊ፣ ጎኖቹ የተለያየ ጥላ ያላቸው ቀጭን ክፈፍ ይመጣል። ፕሮግራሙ ይዞ የሚነሣው ቀለም ሰማያዊ ስለሆነ፣ ጎኖቹም እንደ እንጨት ክፈፍ ጥላ እንዲኖራቸው “ዴልታ” የሚለው ቁጥር 25 ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቀለሙን ነጭ፣ ዴልታውን ዜሮ ማድረግ ጠፍጣፋና ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። በስልክ ለሚሠራ ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የያዘው ስናፕሲድ “ኤክስፓንድ” በሚለው መሣሪያው ሸራውን በነጭ ወይም በጥቁር ያሰፋል። በዚያው ያለው “ስማርት” የሚባለው ምርጫ ግን ከፎቶው ዳር እየቀዳ አዲስ ነገር ይሞላል። ለሰማይና ለግድግዳ ይሆናል፤ ዳር ላይ ሰው ካለ ግን ክንዱን ሊደግመው ይችላል።

ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ቀለምና ብርሃን፣ ቀጥሎ ልክ፣ ከዚያ መሳል (“ሻርፕን” ማድረግ)፣ ጠርዝ በመጨረሻ። ጠርዝ ከተጨመረ በኋላ ፎቶው “ሻርፕን” ቢደረግ፣ ነጩና ሥዕሉ በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ጥላ ይፈጠራል። ጠርዝ ያለበት ፎቶ በሌላ ስም ይቀመጥ፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳልና ዋናው ፋይል እንዳለ ይቆይ። የአንድ ሠርግ 400 ፎቶ ላለበት ሰው ደግሞ ፎቶሾፕ “አክሽን” አለው፤ ሥራውን አንዴ ሲሠሩት ይመዘግበዋል፣ የቀረውን በጅምላ ይጨርሰዋል። ቁጥሩ በፒክስል ከሆነ የቁሙም የአግድሙም ፎቶ እኩል ጠርዝ ያገኛል።

ስክሪን ላይ ያለው ችግር ከወረቀቱ ይለያል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጥቅምት እስከ 2015 ነሐሴ የሚቀበለው ካሬ ብቻ ነበር፤ ነጭ ጠርዝ ያን ያህል የተለመደውም በዚያ ዘመን ሰው ካሬውን ለማለፍ ሲል ነው። ገጹ ነጭ ስለነበረ ጠርዙ ከገጹ ጋር ተዋሕዶ ፎቶው ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አፕሊኬሽኑ ጥቁር ገጽ ሲጨምር ያው ጠርዝ ጥቁር ገጽ በመረጠ ሰው ስልክ ላይ የሚያንጸባርቅ ወፍራም ክፈፍ ሆነ። ለጣፊው የአንባቢውን ስልክ አያዝበትም። በነጩ ጠርዝና በፎቶው መካከል አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር ማስገባት ለሁለቱም ይስማማል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ዳር ላይ ሲቆምም ትከሻው ከጠርዙ ጋር እንዳይቀላቀል ይረዳል።

ማተሚያ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ብዙ የፎቶ ላቦራቶሪ ማሽኖች ወረቀቱን እስከ ዳር ለመሙላት ፎቶውን ጥቂት አሳድገው ዳር ዳሩን ይቆርጣሉ። በዚህ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ይዞ የሄደ ሰው በአንድ ጎን 2፣ በሌላው 1 አግኝቶ ሊመለስ ይችላል። 5 ሚሊ ሜትር፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 59 ፒክስል፣ ትንሹ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ያስተማምናል። በስልክ የተነሣ አራት በሦስት ቅርጽ ያለው ፎቶ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ያለ ጠርዝ ቢሞላ ከቁመቱ አንድ ዘጠነኛ ያህል ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ራስ ወይም እግር ነው። ሳይቆረጥ ሲገባ ግራና ቀኝ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነጭ ይተርፋል።

በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ሌላ መከራ አለው። እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ከተላከ በተለምዶ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ በ300 ዲፒአይ 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ደንበኛው 13 በ18 ይሁንልኝ ሲል ፎቶውን መለጠጥ ፊቶቹን ያደበዝዛል። ባለ አንድ ተኩል እጥፉን ፎቶ በልኩ ትቶ ግራና ቀኝ 3.6፣ ላይና ታች 2.9 ሴንቲ ሜትር ነጭ ቢሰጡት ግን ጥርት ያለ ፎቶ በሰፊ ኅዳግ መሀል ይወጣል። ዋናውን ፋይል ማስላክ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ላኪው ባሕር ማዶ ሆኖ ስልኩ ከጠፋበት ግን ጠርዙ ያለውን ያድናል።

አሮጌ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ልጆች ደግሞ ተቃራኒውን ጥፋት እንዳይሠሩ መንገር ያስፈልጋል። ብዙ ስካነሮች የፎቶውን ዳር ራሳቸው ፈልገው የሚቆርጡበት ምርጫ አላቸው፤ ነጩንም ጠርዝ አብረው ሊወስዱት ይችላሉ። በዚያ ጠርዝ ላይ ግን መረጃ አለ። የፎቶ ቤቱ ስም ያለ ቀለም ተጭኖ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኮዳክ ታጥበው፣ ለትምህርት የሄዱ ልጆች ወደ ቤት የላኳቸው ፎቶዎች ጠርዛቸው ላይ የታጠቡበት ወርና ዓመት ታትሞ ይገኛል። ከጀርባ “ለማስታወሻ” ተብሎ የተጻፈውም የዚያው ፎቶ አካል ነው። የመቁረጫው ምርጫ ይጥፋ፤ ፎቶው ከነጠርዙ በ600 ዲፒአይ ይገልበጥ፤ 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነው 2126 በ3071 ፒክስል ገደማ ይወጣል። ጀርባውም በዚያው ልክ ተገልብጦ በአንድ ስም ሥር ይቀመጥ፤ ለጓደኛ የሚላከው የተቆረጠው ቅጂ ከዚያ በኋላ ለብቻው ይሠራል።